ጳጉሜን እስቴ

የምሠራው ንፋስ መውጫ ነው፤ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ክፍል ውስጥ። የመንግሥት ዓመት ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ሰኔንና የሐምሌን መጀመሪያ ምን እንደታቀደ፣ ምን እንደተሠራ፣ ያልተሠራው ለምን እንዳልተሠራ ስንጽፍ እንከርማለን። «በከፊል የተከናወነ» የሚለውን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደጻፍሁት እግዜር ይወቀው። ጳጉሜን ሲገባ ደግሞ የራሴን እጽፋለሁ።

ይህን የለመድሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ግቢ ጉባኤ ውስጥ ከእኛ ቀደም ያለች አንዲት ተማሪ ነበረች። «ዘመን ሲለወጥ ልብስ ብቻ አይለወጥም፤ ዓመታችሁን መርምሩ፣ ንስሐ ግቡ፤ ለሚመጣውም ያሰባችሁትን ለእግዚአብሔር ንገሩት» ትለን ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ጳጉሜን አላለፈኝም። ደብተሬን ከሁለት ከፍዬ በአንዱ ወገን ያለፈውን፣ በሌላው የሚመጣውን እጽፋለሁ። ዳዊት በየቀኑ መድገም። ረቡዕና ዓርብን አለመግደፍ። በዓመት ሁለት ጊዜ መቍረብ። በወር አንድ ቀን ሆስፒታል ሄዶ የተኛ ሰው መጠየቅ። ሁለተኛ ዲግሪ መጀመር። ስልክ ላይ የማጠፋውን ጊዜ መቀነስ። አብዛኛውን እፈጽመው ነበር። ከሌላው ሰው የተሻልሁ መስሎም ይሰማኝ ነበር፤ ይህን ግን ደብተሩ ላይ አልጻፍሁትም።

አባቴ ገበሬ ነበር። ቤቱ እስቴ ውስጥ፣ ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ቦታ ነው። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ከታላቅ ወንድሜና ከወንድሜ ሚስት ጋር ይኖር ነበር። የወለደው ሁለታችንን ብቻ ነው።

የሞተው ስልክ በተቋረጠበት ክረምት ነው። እኔ የሰማሁት በተቀበረ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን። ከቢሮ ወጥቼ መናኸሪያው አጠገብ ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት የአገራችን ሴት፣ ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች፣ አየችኝና አቀፈችኝ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እቴ። ደግ ሰው ነበሩ። ነፍስ ይማር» አለችኝ።

«ማንን ነው?» አልኋት።

ለቀቀችኝና ፊቴን አየች። እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባት። ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች።

በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ማልደው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚነግሩት፤ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው እንዳያጣ። እኔን የያዘችኝ ሽንኩርት ሻጯ ናት። ዘንቢሏን ወዲያ ገፍታ መሬት ላይ አስቀመጠችኝ።

ስልኩ ባይሠራም ከእስቴ ንፋስ መውጫ ሰው ይመጣ ነበር። ወንድሜ ሰው ሊልክብኝ ይችል ነበር፤ አልላከም። ለአርባው ሄድሁ። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ አለቀስሁ። ወንድሜ ዳሱ አፍ ላይ ቆሞ «እንደምን መጣሽ» ሲለኝ ሳልመልስለት አለፍሁ፤ በማግሥቱም ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ስልኩ ከተከፈተ በኋላ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሣሁም። ከዚያ ተወው። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት ጳጉሜን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ደብተሬን ይዤ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ሲማሩ ኖረው ነው ወደ እኛ ደብር የመጡት። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ማንበብ ትተዋል። ዝናቡ እየጣለ ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ከልጅ እስከ ዐዋቂ ውጭ ወጥተው ይጠመቁበታል። እኔም ራሴ ርሶ ነው የገባሁት።

«አምጥተሽዋል?» አሉኝ። ደብተሩን ያውቁታል።

«አምጥቻለሁ፣ አባ።»

«አንብቢልኝ።»

ያለፈውንም የሚመጣውንም አነበብሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«መልካም ነው» አሉ። «ከዚህ ሁሉ ሌላ ሰው እሺ ካላለሽ የማይሆንልሽ ነገር የቱ ነው?»

ጥያቄው አልገባኝም።

«ዳዊቱን ብቻሽን ትደግሚዋለሽ። ጾሙን ብቻሽን ትጾሚዋለሽ። ትምህርቱም ቢሆን ያንቺው ነው። ሁሉም በርሽን ዘግተሽ የምትሠሪው ነው።»

«የታመሙትን እጠይቃለሁ እኮ።»

«ትጠይቂያለሽ፤ ዋጋሽን አያስቀርብሽ። ከነሱ ጋር ግን አልተጣላሽም።»

ደብተሬን ዘጋሁት።

«ወንድምሽ እንደምን አለ?»

«ደኅና ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?»

«እሱ ነው የበደለኝ፣ አባ። ያውቁታል እኮ፤ ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረሽኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ነው የነገርሽኝ። ወንጌሉ ምን ይላል? ‹ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ› ነው የሚል። አንቺ በሱ ላይ ያለሽን ሰምቻለሁ። እሱስ በአንቺ ላይ ምን አለው?»

«አላውቅም።»

«ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲህ ሂጂና ጠይቂው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላል ያገሬ ሰው። እስክትመለሺ ቍርባኑ ይቈይሽ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ጾሜንም ጸሎቴንም ከቁም ነገር ያልቈጠሩልኝ መሰለኝ። ቤቴ ገብቼ ለበዓል የገዛሁትን ዶሮ እያየሁ ተቀመጥሁ። ቆይቼ ዶሮዋን ለአከራዬ ሰጠኋት። ሳሙና፣ ስኳርና ለወንድሜ ሚስት አንድ ሻሽ በቦርሳ ከተትሁ።

በማግሥቱ ማለዳ በሚኒባስ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ እስቴ ገባሁ። ከከተማው ወዲያ ያለውን መንገድ ጭቃው ስለዘጋው በእግሬ ነው የሄድሁት። ስሄድ የምናገረውን አጠና ነበር። «ያለፈው አልፏል» ብዬ ልጀምር፣ ቀጥሎ ስለ አባታችን ነፍስ ላነሣ፣ እሱ ይቅርታ ሲለኝ ደግሞ ቶሎ እሺ ልል።

የወንድሜ ሚስት ከቤት አገኘችኝ። ግራ ቀኝ ሳመችኝና ለምን መጣሽ፣ ምን ሆንሽ ሳትል ውኃ አምጥታ እግሬን ታጥበኝ ጀመር። «እርሻ ነው ያለው» አለችኝ፤ ማንን እንደምፈልግ ሳልነግራት። እህል ሳልቀምስ ሄድሁ።

ወንድሜ ጤፍ ሲያርም ደረስሁበት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎንበስ ብሏል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ካየሁት ከስቷል።

«እንደምን ዋልህ» አልሁት።

ቀና አለና አየኝ። «ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም። አንተን ላይ ነው የመጣሁ።»

በእጁ የያዘውን አረም ጣለ። እጁን በሣሩ ጠረገና ድንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔም ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ። ሳጠናው የመጣሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ለምን አልላክህብኝም?» ነው ያልሁት።

ስልኩን ያነሣል፣ መንገዱን ያነሣል፣ ክረምቱን ያነሣል ብዬ ነበር። አላነሣም።

«ልልክብሽ እችል ነበር» አለ። «የሚሄድ ሰውም ነበር። አልላክሁም።»

«ለምን?»

«ተቈጥቼብሽ።» ወደ ጤፉ እያየ ነው የሚናገር። «ከግንቦት ጀምሮ ታሟል። ሁለት ጊዜ ላክሁብሽ፤ አንዴ በስልክ፣ አንዴ በሰው። ምን ብለሽ መለስሽ?»

ያልሁትን አውቃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ «ሪፖርት አስገብቼ እመጣለሁ» ነው ያልሁ። ሪፖርቱን አስገባሁ፤ ሌላ ተጠየቅን፤ ያንንም አስገባሁ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። የአባቴ ሕመም የሽማግሌ ሳል ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ይሻለዋል ብዬ ነበር።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ደጅ አውጡኝ ይላል» አለ ወንድሜ። «መንገዱን ያያል። ከገበያ ሰው ሲመለስ ‹እሷ ናት?› ይለኛል። ‹አይደለችም› የምለው እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ እኔ ነኝ ‹አይደለችም› ስለው የከረምሁ። ሲሞት ‹እሷም ትቅመሰው› አልሁ። ክፉ ነው የሠራሁት፤ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን እንዲያ ነው ያልሁ።»

የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እንባ አልመጣም። የመጣብኝ አባታችን የሞተበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሆስፒታል ሄጄ የማላውቃቸውን በሽተኞች ዐሥራ ሁለቱንም ወር ጠይቄአለሁ። ደብተሩ ላይ «ሙሉ በሙሉ የተከናወነ» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌበታለሁ። ያን ያህል ዓመት ራሴን ስመረምር «አባትሽስ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

«ይቅር በለኝ» አልሁት።

«አንቺም ይቅር በዪኝ» አለኝ።

አልተቃቀፍንም። እሱ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና «ሊዘንብ ነው፤ ይችን ጥግ ልጨርሳት» አለ። ጫማዬን አውልቄ ከጎኑ ገባሁ። ካረምሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ጥቂት እንደሠራሁ እጄን ያዘኝ።

«አንቺ ሰው፣ ጤፉን ነው የነቀልሽው!» ብሎ ተቈጣኝ።

አባታችን እርሻ ይዞን ሲሄድ፣ በልጅነታችን፣ እንዲያው ነበር የሚቈጣኝ። እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን አባታችን የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መቃብሩን ሣር ውጦታል። ወንድሜ በማጭድ አጨደው፣ እኔ ድንጋዮቹን አስተካከልሁ፤ የደብሩ ቄስም ጸሎተ ፍትሐት አደረሱልን። በዮሐንስ ጧት ደግሞ ከሚስቱ ጋር ሦስታችን አስቀደስን። ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታው ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገቡ፣ ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንደሚውል አስታወቁ። ከጎኔ የቆሙ አንድ ሽማግሌ እያንዳንዱን በዓል ሲሰሙ ቀስ ብለው «ብንኖር» ይላሉ። ነነዌ ሲባል «ብንኖር»። ትንሣኤ ሲባል «ብንኖር»። በያዕቆብ መልእክት ውስጥ ያለውን «ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሰው እንዲህ አድርጎ ሲኖርበት ግን ልብ አላልሁም ነበር።

ንፋስ መውጫ እንደተመለስሁ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው።

«እሱ በአንቺ ላይ ያለውን አወቅሽ?»

«አወቅሁ፣ አባ።»

«ከበደሽ?»

«ከበደኝ።»

«የንስሐ መጀመሪያው እሱ ነው» አሉና ቀኖናዬን ሰጡኝ። በጽጌ ቈረብሁ።

በጳጉሜን የጻፍሁትን የዚያን ዓመት ዕቅድ ተውሁት። መስከረም ላይ፣ ሌላ ከመጻፌ በፊት፣ አብረውኝ የሚውሉትን ሰዎች እየዞርሁ «ባለፈው ዓመት በምን አስቀየምሁህ፣ በምን አስቀየምሁሽ?» ብዬ ጠየቅሁ። መጠየቁ አፍ ያስራል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ሳቀና «ምንም» ብሎ አለፈ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን ተመልሶ መጥቶ በስብሰባ ላይ ያሳፈርሁትን ነገረኝ። እኔ ረስቼው ነበር። አከራዬ ደግሞ ስትጠብቀኝ የኖረች ይመስል ያለ ማቋረጥ ነገረችኝ፤ ለካ ጧት በሩን ስዘጋው ቤቱ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ኖሯል። ከዚያ በኋላ የጻፍሁት ዕቅድ ከቀድሞው አጭር ነው፤ የሰው ስም ይበዛዋል። ዳዊቱን አልተውሁም፤ ጾሙንም አልተውሁም። አንዳንዱን ሰው እስካሁን አልጠየቅሁትም፤ ፈርቼ።

ከወንድሜ ጋርም ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም። እሱ ስልክ ላይ ቃል አያበዛም፤ እኔ ደግሞ ዝምታውን ቂም ይመስለኛል። አንድ ጊዜ «አሁንም ይዘህብኛል» ብዬው ለሁለት ሳምንት ተኳረፍን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እሱ ደወለ።

ጥር ላይ ዓይኑን ታሞ መጣ። ታክሞ ሁለቱንም ዓይኑን ሸፍነውት እኔ ቤት ዐሥር ቀን ቈየ። ሥራ የለመደ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አቅቶት መከራውን ያያል። አንድ ቀን ለምሳ ከቢሮ ስመጣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

«እቴ፣ አንድ ያልነገርሁሽ አለ» አለኝ።

«ምን?»

«አባታችን በመጨረሻው ቀን ‹ሥራ ይዟት ነው፤ ስትመጣ እንዳትቈጧት› ብሎኝ ነበር። ‹መርቄያታለሁ በላት› ብሎኝ ነበር። አልነገርሁሽም።»

«ጤፉ ውስጥ ሳለን ለምን አልነገርኸኝም?»

«ያን ከነገርሁሽ የምይዝብሽ ነገር አይቀረኝም ብዬ።»

ወደ ውጭ ወጣሁ። ገመዱ ላይ የተሰጣው ልብስ ደርቋል፤ አንድ በአንድ አወረድሁት፣ አጠፍሁት። ያን ቃል በአባቴ ድምፅ ልሰማው ሞከርሁ፤ መጣልኝ። ብዙ ቆይቼ ተመልሼ ስገባ ወንድሜ እንደተቀመጠ ነው፤ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል።

«ይቅር ብለሽኛል?» አለኝ።

«እጅህን ታጠብ፤ እንብላ» አልሁት።

ውኃ አፈሰስሁለት። ማየት ስለማይችል እኔው አጐረስሁት።