የደጁ አምፖል

ዋጋው ያልተነገረ ነገር አልወድም። እንጀራዬ ከፋርማሲ ነው፤ ከራስ ምታት ክኒን እስከ ደም ግፊት መለኪያ ድረስ ዋጋ ያልተለጠፈበት ዕቃ በእጄ አያልፍም። ደንበኛ «ስንት ነው?» ሲለኝ «እንስማማለን» ብዬ አላውቅም። ስለዚህ ያን የመብራት ሠራተኛ ገና ደጃፌ ላይ እንደቆመ የእጁን ዋጋ የጠየቅሁት ጠባዬ ስለሆነ ነው።

ያስጠራሁት ለእናቴ ብዬ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን የኖረችው ከሮብ ገበያ ከተማ ወዲያ ጮቄ ተራራ ሥር ባለች መንደር ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን ቀረች፤ ዓይኗም ደከመ። አንድ ምሽት ደጃፏ ላይ ወድቃ ጎረቤት እስኪደርስላት በዚያ ብርድ መሬት ላይ ቆየች። ወሬውን እንደሰማሁ ሄጄ ደብረ ማርቆስ አመጣኋት። መጣች እንጂ አልተቀመጠችም። ጓዟን ሳትፈታ አልጋዋ ግርጌ አስደገፈችው፤ ከአገር ሲደውሉላት «ልጄ ዘንድ ነኝ፤ ሰንበት ብዬ እመጣለሁ» ትላለች። ያን በሰማሁ ቁጥር እሰጋለሁ፤ ብትሄድ መልሳ እንደምትወድቅ አውቃለሁና።

በዚያው ሰሞን የራሴ ቆጣሪ ገባልኝ። እስከዚያ ድረስ ከጎረቤት ቆጣሪ በተዘረጋ ሽቦ ሳሎን ላይ አንዲት አምፖል ነበር የማበራው። ቤቱ በሙሉ ብርሃን ከሆነላት፣ አመሻሽ ላይ ሳትደናቀፍ ብትወጣ ብትገባ ትለምደዋለች ብዬ አሰብሁ። መብራቱ ለኔ ሌላ ትርጉም አልነበረውም፤ እናቴ እንድትቀመጥልኝ ነው።

ሠራተኛው ሠላሳውን ያለፈ፣ መሰላሉን በትከሻው የተሸከመ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። «የእጅህ ስንት ነው?» ስለው እናቴ ከውስጥ ሰማችኝ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ሰው አረፍ ሳይል ዋጋ ይጠየቃል?»

ወዲያው ወንበር አቀረበችለት፤ ከአገሯ ያመጣችውን የገብስ ቆሎ በሰፌድ ዘረጋችለት፤ የየት አገር ሰው እንደሆነ ጠየቀችው። ወላጆቹ ከቁይ ከተማ ወረድ ብለው ያርሳሉ። እሷ ቁይ ገበያ የምታውቀው ሰው ነበራት፤ ለካ እሱም ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ እኔ እንግዳ ሆንሁ፤ እነሱ ዘመድ። ዋጋውን ዳግመኛ ሳነሣበት ወደ እናቴ ዐየት አደረገና አቀረቀረ።

«ግድ የለም እህቴ፤ አንጣላም» አለኝ።

ይህቺን ቃል እፈራታለሁ። ያየሁት ጠብ ሁሉ «አንጣላም» ተብሎ የተጀመረ ነው። ግን እናቴ እያየችኝ በገንዘብ መከራከሩ ነውር ሆነብኝና ቀብድ ሰጥቼው ወደ ሥራዬ ሄድሁ።

ሽቦውንም ሶኬቱንም ራሴ ገዝቼ ነው የሰጠሁት። እሱ ቀን ቀን ይሠራል፤ እኔ ፋርማሲ ነኝ። ማታ ስመለስ እናቴ ከመሰላሉ ሥር ተቀምጣ እያጫወተችው አገኛታለሁ። አንድ ቀን ከአጥሩ ውጭ ሳለሁ ሳቋን ሰማሁ። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ቆም ብዬ አዳመጥሁት።

ሥራው ያለቀ ዕለት ስመለስ የግቢው በር ላይ አምፖል ተሰቅሏል። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሽቦ ወጥቶ በአጥሩ ጥግ እስከ በሩ ሄዷል። ደስ አለኝ። ምርቃት መስሎኝ ነው። ገበያ ላይ ጤፍ የሚሰፍር ሰው ሰፍሮ ሲጨርስ ከላይ በእፍኙ ጣል ያደርግ የለ? ይህም ሰው እናቴን ስለወደዳት ጣል አደረገልኝ ብዬ በልቤ አመሰገንሁት።

ሒሳቡን ሲነግረኝ ምስጋናዬን መልሼ ወሰድሁ። በከተማችን የመብራት ሥራ የሚታሰበው በነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ አምፖል፣ እያንዳንዱ ሶኬት፣ እያንዳንዱ ማብሪያ ማጥፊያ አንድ ነጥብ ይባላል። የነጥቡን ዋጋ ፋርማሲ ከሚመጡት ሰዎች ቀደም ብዬ አጣርቻለሁ፤ በዋጋው አልተጣላንም። የተጣላነው በቁጥሩ ነው። እሱ ያለው እኔ ቤቱን ዞሬ ከቆጠርሁት ይበልጣል።

«የደጁን አልቆጠርሽውም» አለኝ። «ከእማማ አልጋ አጠገብ ያለውን ማብሪያውንም።»

የደጁ ምርቃት መስሎኝ እንደነበር ነገርሁት። እሱ ግን የዚያን ያህል ሽቦ በአጥር ጥግ ስቦ የሚመርቅ ሰው እንደሌለ ነገረኝና፣ «እማማ ናቸው ያዘዙኝ» አለ።

የኔ ንዴት እንደ ወተት ነው፤ ፊቴን ዞር ሳደርግ ገንፍሎ አገኘዋለሁ። «ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ» አልሁት። «በዚህ ቤት የማዝዘውም እኔ ነኝ። ያላዘዝሁትን አልከፍልም።»

እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ የተናገርሁት ለእሱ ነው። እሷን እንዳላየሁ ሆኜ አለፍሁ።

ሠራተኛው መሰላሉን ደጁ ላይ አቆመና ወጥቶ አምፖሉን ፈታው፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከፒንሳውና ከካቻቢቴው ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ያመንሁበትን ብቻ ልክፈልህ ስለው «ወይ ሙሉውን፣ ወይ ምንም» ብሎ ሄደ።

የዚያን ምሽት ቤቱን ሁሉ አበራሁት። የእናቴ ክፍል ብቻ ጨለማ ነው። ገባ ስል ከአገሯ ያመጣቻትን ትንሽ የሶላር መብራት አብርታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«የክፍልሽ ማብሪያ እኮ እዚሁ በሩ ላይ ነው፣ እማዬ።»

«ላቡ ባልተከፈለ ሰው መብራት አልቀመጥም።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሶላሯን አጥሩ ላይ ፀሐይ ታሞቃለች፤ ማታ ማታ በእሷ ትቀመጣለች። አዲስ መብራት ባስገባሁበት ቤት እናቴ እንደ አገሯ ጨለማውን ትዳብሳለች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጓዟን እያጠበቀች፣ «ሮብ የገበያ መኪና ሲወጣ አብሬ እሄዳለሁ» አለችኝ። እንደ ቁጣ አላለችውም፤ ጨው አለቀ እንደሚባለው ነው የነገረችኝ።

ከፍዬ ልገላገል ይሆን ብዬ ነበር፤ እልሄ አልፈታ አለኝ። ብከፍለው የዘረፈኝን መርቄ የሸኘሁት መሰለኝ። አለመክፈሌ ደግሞ እናቴን ሊያሳጣኝ ነው። መሃል ላይ ተገትሬ ስቀር ወደ እድራችን ዳኛ ሄድሁ። ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ዱላቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሽማግሌ ናቸው። ታሪኬን ከሰሙ በኋላ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ እንደሚመጡ ነገሩኝ። የኔ ሽማግሌ እሳቸው፤ እሱ ደግሞ የሚያምነውን አንድ ሰው ይዞ ይምጣ፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው ብለው ራሳቸው ደወሉለት።

እሁድ መጣ፤ ብቻውን። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። እኔና እናቴ አንድ መደብ ላይ ተቀምጠናል፤ ዳኛው ፊት ለፊታችን ናቸው።

«ሽማግሌህስ?» አሉት።

በአገጩ ወደ እኛ አመለከተ። «የኔ ሽማግሌ እማማ ናቸው» አለ።

ዳኛው ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አስደገፉ። «የባለጋራውን እናት ሽማግሌ አድርጎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። «የሚከለክል ሥርዓት ግን አልሰማሁም። ምን ይላሉ እርስዎ?»

እናቴ ከአጠገቤ ተነሣች፤ ከጥግ በርጩማዋን ሳብ አድርጋ አመጣችና ከእሱ ጎን ተቀመጠች። የተቀመጠችበት መደብ ሙቀቱ ገና አልወጣም ነበር። ጎኔ በረደኝ።

እኔ የበኩሌን ተናገርሁ፤ እሱም የበኩሉን። ሁለታችንም አልዋሸንም፤ ያ ደግሞ ዳኝነቱን ከባድ አደረገው። ዳኛው ወደ እናቴ ዞሩ። እሷ ስትናገር ወደ ማንኛችንም አላየችም።

«ልጄ ደግ ናት» አለች። «ዋጋ እንዳይነገር ያደረግሁት እኔ ነኝ። በኛ ቀዬ ለሥራ የመጣ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል እንጂ ዋጋህ ስንት ነው አይባልም። ከተማ መሆኑን ረሳሁት። ይህ የኔ ጥፋት ነው። አምፖሉን ግን አውቄ ነው ያዘዝሁት። ሳይነጋ ኪዳን የሚሄዱት በደጃችን ነው የሚያልፉት፤ መንገዱ ድንጋይ አለው። በጨለማ መውደቅን እኔ አውቀዋለሁ።»

ያለቀ መስሎን ነበር። እሷ የነጠላዋን ጥለት ትጠቀልላለች፤ ትፈታለች።

«ደግሞም» አለች፣ «በአገሬ በሬው ሲገዛም አጥሩ ሲታጠርም የምጠየቅ እኔ ነበርሁ። እዚህ ከመጣሁ ግን አልጋዬ ወዴት እንደሚዞር እንኳ የምትነግረኝ ልጄ ናት። በደግነት ነው። ግን በዚህ ቤት አንዲት ነገር እንኳ እኔ ያዘዝኋት ትኑር ብዬ ነው።»

የሰው ላብ ነው ያስጨነቃት ብዬ ነበር የሰነበትሁት። ላቡም አስጨንቋታል፤ የደበቀችው ግን ይህንን ነው። «በዚህ ቤት የማዝዘው እኔ ነኝ» ያልሁት ድምፄ ጆሮዬ ላይ ተመለሰ። ሙሉውን እከፍላለሁ፣ አሁኑኑ እከፍላለሁ ብዬ ብድግ አልሁ።

ዳኛው እጃቸውን አነሡ። «ተቀመጪ። ያላዘዝሁትን አልከፍልም ብለሻል፤ እውነትሽን ነው። ያዘዘ ይክፈል።»

«እንዴት እናቴ ትከፍላለች?»

«አምፖሏ የእሷ እንድትሆን ትፈልጊያለሽ፣ አትፈልጊም?» አሉኝ።

ተመልሼ ተቀመጥሁ። ወደ ሠራተኛው ዞረው ደግሞ፣ «አንጣላም» ብሎ ቃል ገብቶ እንደተጣላ፣ የሰቀለውን መልሶ መፍታትም የባለሙያ ሥራ እንዳልሆነ ነገሩት። ለካሳ ከእጁ ዋጋ ላይ ትንሽ እንዲቀንስልኝ፣ አምፖሉንም ዛሬውኑ እንዲመልስ ፈረዱ። እሱም «እሺ አባቴ፣ ይሁን» አለ። አምፖሉን ለካ ይዞት ነው የመጣው።

የኔን ድርሻ ከፈልሁ። እናቴ መቀነቷን ፈታች። ከመምጣቷ በፊት በጎቿን እንደሸጠች አውቃለሁ፤ ገንዘቡን የት እንዳደረገችው ጠይቄያት አላውቅም። ብሩን በጣቷ እየዳበሰች አንድ በአንድ አውጥታ ሰጠችው። «ይቅር እማማ» ይላታል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ኪሱ ከተተው። ይሉኝታ ይዞት ቢመልስላት ኖሮ ይህን ሰው እስከ ዛሬ አልወደውም ነበር።

ዳኛው አስነሡን። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባልን፤ እሳቸው መረቁን። ከዚያ እሱ መሰላል ወጥቶ አምፖሉን መለሰ። እኔ በርቶ እንዲታይ ቸኩዬ ነበር። እናቴ ግን «በቀን መብራት የሚያበራ ማን ነው? ሲመሽ» አለችኝ። ሲመሽ ከክፍሏ የደጁ ማብሪያ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሶላሯ የዚያን ዕለት ከአጥሩ አልወረደችም።

ስለ ሮብ ግን ምንም አላለችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርሁም። ሮብ ማለዳ ስወጣ ጓዟ እንደታሰረ አልጋዋ ግርጌ ነበር። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ስሰጥ እጄ እንጂ ልቤ ፋርማሲ አልነበረም። የገበያ መኪናዎቹ የሚወጡት ጠዋት ነው፤ ሄዳ ከሆነ ሄዳለች። ቤት ደውዬ እንዳልጠይቅ ስልኩ እንዳይነሣ ፈራሁ።

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ስደርስ የደጃችን አምፖል በርቷል። ጀምበር ገና አልጠለቀችም፤ አጥሩ ላይ ቢጫ ብርሃኗ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆጣሪው በከንቱ እየቆጠረ ነው ብዬ ሮጬ ነበር የማጠፋው። ወደ በሩ ስጠጋ ድምፅዋን ሰማሁ። በስልክ ስትናገር ሮብ ገበያ ድረስ በራሷ ጉልበት ልታሰማ ይመስል ትጮኻለች። ገበያ ላይ ስትጠብቃት የዋለችው የአገሯ ጎረቤት ናት የደወለችላት።

«አልመጣሁም እኮ!» ትላለች እናቴ። «እንዴት አድርጌ እመጣለሁ? የደጁን ማን ያበራዋል?»

በሩን አልከፈትሁም። ወሬዋን እስክትጨርስ አምፖሉ ሥር ቆሜ ጠበቅኋት።