ኪስህን ገልብጥልኝ

ታላቅ እህቴ ካረፉ ነገ አርባ ቀን ይሆናል። ሌላው ሰው ስለ ደግነታቸው ያውራ፤ እኔ የናፈቀኝ ጥርጣሬያቸው ነው። የእግረኛ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እንኳ የሹፌሩን ዓይን ሳያዩ መንገድ አይሻገሩም ነበር።

እኔ ውሻ ማሠልጠንን ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሮም ውስጥ የስንቷን ሲኞራ ውሻ አደብ አስይዣለሁ። የራሴን ቡችላ ሳሠለጥን ግን ዳኛዬ እሳቸው ነበሩ፤ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመለከቱኛል።

መጀመሪያ ቡችላዋን በጠራሁ ቁጥር ቁራሽ ፎርማጆ፣ የፈረንጅ አይብ፣ እሰጣት ነበር። ቀጥሎ አልፎ አልፎ ብቻ ሰጠኋት። በመጨረሻም ያለ ምንም ጉርሻ፣ በምስጋና ብቻ እንደምትመጣ አወጅኩ።

«አዩ እትዬ? በባዶ እጄ መጣች!»

«አሎራ፣ እንግዲያው ኪስህን ገልብጥልኝ።»

ገለበጥኩ፤ ባዶ ነው።

«እጅጌህንስ?»

እጅጌዬን ሳራግፍ ፎርማጆው ዱብ አለ፤ ቡችላዋም ዋጥ አደረገችው። እትዬ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አንተ አጭበርባሪ! የምትመጣው ለአንተ ነው ወይስ ለፎርማጆው? ይህንን ሳላረጋግጥ አልሞትም።»

ሳያረጋግጡ ሄዱ።

ትናንት ቡችላዋን ይዤ እዚያው ሄድኩ። ኪሴንም እጅጌዬንም ቤት አራግፌ ነው የወጣሁት። ገመዷን ለቅቄ ከሩቅ ጠራኋት፤ እየበረረች መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። «አዩ?» ልል ዞር ስል አግዳሚው ላይ ማንም የለም።

ቢሆንም ፊት ለፊቱ ቆሜ ሁለቱንም ኪሶቼን ገለበጥኩ፤ እጅጌዬንም ሳልጠየቅ አራገፍኩ።