የተዘጋው የደቡብ ደረጃ

ቅዳሜ መጋቢት ፰ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ፤ በጣቢያው ሰዓት ሰባት ከሩብ። ሮተርዳም መሀል ከተማ፣ ከመሬት በታች በተሠራው የባቡር ጣቢያ፣ በሰሜኑ መውጫ በኩል ባለው የትኬት አዳራሽ አምስት ሆነን ቆመናል። የመጣነው መርዶ ለመንገር ነው።

መርዶው ለአንዲት የአገራችን ልጅ ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ ሻርሎይስ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆና ትሠራለች፤ ጠዋት በወንዙ ሥር በሚያልፈው ባቡር ተመልሳ እኛ በቆምንበት ጣቢያ ትወርዳለች፤ ቤቷም ከዚያ ሩቅ አይደለም። እናቷ ደሴ ላይ አርፈዋል። ዘመዶቿ ስልክ የደወሉት ለእርሷ ሳይሆን ለሽማግሌያችን ነው። እሳቸው አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ በንግድ የኖሩ፣ አማርኛን ከብዙዎቻችን አጥርተው የሚናገሩ አዛውንት ነበሩ።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በመንገድም አይነገርም። ሰው ከቤቱ ገብቶ፣ ድካሙን ከላዩ አራግፎ፣ ደጋፊ ወገን ከጎኑ ሲኖር ነው የሚነገረው። ለዚህች ልጅ ደግሞ ነገሩ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቅ ነበር፤ ከእናቷ ሌላ አገር ቤት የታሰረ፣ ወሬው ከጠፋ ዓመታት ያለፉት ወንድም ነበራትና። ከሁለቱ ማን እንደ ሞተ ሳታውቅ፣ ሞት መኖሩን ብቻ አውቃ በባዕድ ጎዳና ላይ እንዳትቀር ነበር የሁላችንም ጭንቀት።

ጣቢያውን የመረጡት ሽማግሌው ናቸው። ከዴን ሃግ የሚመጣም፣ ከዴልፍት የሚመጣም፣ ከወንዙ ማዶ የሚሻገርም ሳይሳሳት የሚያገኘው ስፍራ እርሱ ብቻ ነበር፤ ውጪው ደግሞ ዝናብ ነው። እርሷ ሁልጊዜ ለቤቷ በሚቀርበው በደቡቡ ደረጃ ትወጣለች። እኛ በሰሜኑ አዳራሽ ቆይተን፣ ቤቷ ገብታ ካፖርቷን ስታወልቅ እንደርሳለን ተባለ። ጣቢያው በእድሳት ላይ ስለ ነበር እኔን ጠየቁኝ፤ የእድሳቱን ንድፍ ከሚሠሩት አነስተኛ ቢሮዎች በአንዱ እሠራ ነበር። የተለጠፈው ማስታወቂያ የደቡቡ ደረጃ ሰኞ እንደሚዘጋ ይናገራል። ይህንኑ ነገርኋቸው።

ስንጠብቅ ከዴን ሃግ የመጣችው ሴት፣ የመሥሪያ ቤቶች ጽዳት ሠራተኛ የሆነችው፣ የተላጠውን ግድግዳ ዓይታ፣

«ጋሼ መሐንዲስ፣ ይህን የመሰለ ሸክላ ምን አደረገን ብላችሁ ነው የምትነቅሉት?» አለችኝ።

«ከጀርባው ውኃ ይሰርጋል።»

«ቀድሞስ ውኃ ውስጥ ማን ሥሩ አላቸው?»

ነገሩ እውነት ነበር። በስድሳዎቹ፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ይህን መስመር ሲሠሩ አፈሩ አልጨበጥ ስላላቸው መንገዱን ቆፍረው ውኃ ሞሉት፤ ሌላ ቦታ የተሠሩትን የሲሚንቶ ዋሻዎች እንደ ጀልባ አንሳፍፈው አመጡና እየገጣጠሙ አሰጠሙአቸው። ይህን ስነግራት ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ።

«ኖኅ መርከቡን እንዲንሳፈፍ ሠራ፤ እነዚህ እንዲሰጥም!»

ሴትዮዋም ሳቀች። ብርዱ ስለ ጠናባት በዚያው ከቦርሳዋ ነጠላዋን አውጥታ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዘቅዝቃ ደረበች። እቤት ስንደርስ ሊለበስ የታሰበ የሐዘን አለባበስ ነው። ማንኛችንም አላስተዋልነውም።

ባቡር ገባ። ከወትሮው የበዛ ሰው ከእንጨት በታጠረው መተላለፊያ በኩል ወደ እኛ ሲጎርፍ ገረመኝ፤ ወዲያው ገባኝ። የደቡቡ ደረጃ ተዘግቷል። ከሰዉ መሀል እርሷ መጣች።

ሽማግሌው በጆሮዬ፣ «መሐንዲሱ፣ ጣቢያህ ከዳን» አሉኝ።

መጀመሪያ ያየችው እሳቸውን ነው። ፈገግ አለች። ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ሌሎቹን፣ በመጨረሻ የተዘቀዘቀውን ነጠላ። ፈገግታዋ እዚያው ቀረ። ሴትዮዋ ነጠላውን ለመግፈፍ እጇን ስታነሣ፣

«ተይው እቴ፣ ይበርድሻል» አለቻት።

ሽማግሌው «ልጄ …» ሲሉ ዝቅ ብላ እጅ ነሣቻቸው።

«እንደምን አደሩ አባቴ። እዚህ አይንገሩኝ። ቤቴ ይግቡ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያ ደረጃ መቼ ተዘጋ?»

«ሰኞ ይዘጋል ብለው ነበር።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለችና ፊት ፊት ሄደች።

በዝናቡ ተከተልናት። አላለቀሰችም፤ ወደ ኋላም አልዞረችም። መሻገሪያው ላይ ቀይ መብራት በራ፤ መኪና ባይኖርም እንደ አገሩ ሰው ቆማ ጠበቀች፤ እኛም ከኋላዋ ቆምን። ያን ያህል የረዘመ ቀይ መብራት አላስታውስም። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይጸልዩ እንደ ሆነ አልሰማሁም።

ቤቷ ስንገባ ካፖርቷን ሰቀለች፤ ወንበር አቀረበች፤ ሁላችንም መቀመጣችንን አየች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«አሁን ይንገሩኝ፤ ማን ነው?»

«እናትሽ ናቸው፣ ልጄ። በሰላም፣ በአልጋቸው ላይ አርፈዋል።»

ያን ጊዜ ጮኸች። ሴትዮዋ አቀፈቻት። ጎረቤቷ፣ አንዲት የአገሩ ባልቴት፣ ድምፁን ሰምተው በሩን አንኳኩ፤ ከፍቼ ምክንያቱን ስነግራቸው ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው ገቡና ከእኛ ጋር እስከ ቀትር ተቀመጡ።

የደቡቡ ደረጃ በተከታዩ ዓመት በአዲስ ሸክላ ተለብጦ ተከፈተ። እርሷ ግን በዚያ ሰፈር እስከ ኖረች ድረስ በሰሜኑ መውጣት እንደ ቀጠለች ሽማግሌው ነግረውኛል።

ያልተፈቱ ሁለት ነገሮች አሉ። ደረጃው ከማስታወቂያው ቀድሞ ለምን እንደ ተዘጋ በተከታዩ ሳምንት የሥራውን ኃላፊ ጠይቄ ነበር፤ ውኃ ስለ ገባ ነው አለኝ፤ ረዳቱ ደግሞ ውኃ አልገባም አለ። ሁለተኛው፣ ከጣቢያው እስከ ቤቷ ስንሄድ ልጅቷ በልቧ የምትቀብረው እናቷን ነበር ወይስ ወንድሟን፣ ማንኛችንም አልጠየቅናትም፤ እርሷም አልነገረችንም።