አሥራ ሁለት ሲሊንደርና የተጣራ ውሃ

ጋራዥ ውስጥ «አባ ቀስ» ይሉታል። መርከብ የምታክል ጥቁር መኪናውን ሲነዳ እግረኛ እንኳ ይቀድመዋል። ዕድሜውን ሙሉ የአንድ ሀብታም ነጋዴ ሾፌር ነበር። ነጋዴው ሲሞት ልጆቹ፣ «ይቺን ቤንዚን ጠጪ ማን ይቀልባታል?» ብለው ተዉለት። ደስታውን የሚያደርግበት ጠፋው። ከዚያ ወዲህ እሱና ሚስቱ የሚኖሩት ለሙሽሮች እያከራዩዋት ነው።

ሞተሯ ስድስት ሊትር ነው፤ አሥራ ሁለቱ ሲሊንደሮች ስድስት ስድስት ሆነው ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ስትነሳ ድምፅዋ አይሰማም፤ መነሣቷን የሚያውቀው የዳሽቦርዱን መርፌዎች አይቶ ነው። ሙቀት ግን አትችልም። ስለዚህ ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በነጭ ጨርቅ አጥልላ ለራዲያተሯ በጀሪካን ትሰጠዋለች።

«ለኔ እንኳ እንዲህ አጣርተሽልኝ አታውቂም» ይላታል።

«አንተን ማን ይከራይሃል?»

ሰሞኑን የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ፤ ከኋላም ነጭ ጭስ ተትጎለጎለ። ጎትተው ጋራዥ አስገቡለት። ሊጠይቅ ሲሄድ መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ ጠበቀው። መጀመሪያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አሳየው፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል።

«ውሃው ዘይት ውስጥ ገብቷል፣ ጋሼ። ምን ነበር የምትሞላት?»

«ውሃ ነዋ! ፈልቶ የተጣራ። ጉድፍ አታገኝበትም።»

መካኒኩ አናቱን አከከ። «የማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ ኩላንትስ?»

«እሱማ መርዝ ነው ሲሉ ሰምቼ...»

«ለሰው ነው እንጂ ለሞተር መድኃኒት ነው! ይሄ እኮ አሉሚኒየም ነው። ባዶ ውሃ ዓመት ከዓመት ሲዞርበት ይበላዋል።» ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ገለበጠለት። የውሃው መተላለፊያዎች ብል እንደበላው እንጨት ሆነዋል።

«ይበየዳላ።»

«የቱ ተበይዶ የቱ ይቀራል? የሌላው ጎን ቴስታታም ያው ነው። ዕቃው መሠራት ካቆመ ቆይቷል።»

«እሺ፣ የትንሽ መኪና ሞተር ግጠምላት።»

«ለዝሆን የዶሮ እግር?» ብሎ ሳቀ መካኒኩ። ወዲያው የሰውየውን ፊት አየና ቴስታታውን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

አባ ቀስ ቤቱ እስኪደርስ ያሰበው ስለ መኪናዋ አልነበረም። ጨርቁን እየጠመዘዙ የሻከሩት የሚስቱ እጆች ነበሩ ዓይኑ ላይ የሚመጡት። በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ምን አሉህ?»

«እርጅና ነው አሉ። አለቀላት።»

«ውሃ አንሷት ይሆን? ሁለት ጀሪካን እንያዝ ብዬህ ነበር እኮ!»

«ያንቺ ውሃ ባይኖር ይሄን ያህልም አትቆይም ነበር።»

እፎይ አለች። ያቺን እፎይታ ማየት ከመካኒኩ ነገር ይልቅ አንጀቱን በላው።

በማግስቱ፣ ቀጠሮ ለያዘው ሙሽራ ደውሎ፣ «ሌላ ፈልግ፣ ልጄ» አለው። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ወጣ። አንዱ መሥሪያ ቤት የዓይኑን ማየት ተጠራጠረ። ሌላው፣ «አባባ፣ የምንፈልገው ጎልማሳ ነው» አለው። ሦስተኛው፣ «ዘበኛ እንኳ ሞልቶናል» አለው።

ከዚያም በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ለበሰ፤ ጫማውን አሰረ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ረፋዱ አለፈ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«እኔ እንጃ።»

እግሩ ሥር ተንበርክካ የጫማውን ክር ፈታችለት።