የሻምፒዮኑ ፋሻ

ልጄ ቦክስ ልትማር ነው ሲሉኝ «እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም» አልኩ። እዚህ ሚኒሶታ፣ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቁስል ሳጥብና ፋሻ ሳስር የኖርኩ ሴት ነኝ። የተሰበረ የእጅ አጥንት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ልጁን ለቡጢ አይሰጥም። ባለቤቴ ግን ለልጁ እምቢ ማለት አይሆንለትም፤ ከኋላዬ ፈረመላት። ይህን የሰማሁ ዕለት፣ ቅዳሜ ነበር፣ ከሥራ ወጥቼ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር በቀጥታ ወደ ሴንት ፖል ነዳሁ።

ቦታው ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ያለ ምድር ቤት ነው። ደረጃውን ወርጄ ስገባ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ አንድ ሽማግሌ ባለሦስት እግር ዱካ ላይ ተቀምጠው የልጄን እጅ በፋሻ ይጠቀልላሉ። ጮህኩ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጮህኩ። ሽማግሌው ቀና አላሉም። ፋሻውን በጣቶቿ መሀል አሳልፈው፣ አንጓዋ ላይ ደራርበው፣ እጇን አስጨብጠው ካዩ በኋላ ነው የተነሱት። ከዚያ የሆነ ነገር አሉኝ። የስኮትላንድ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ቀን ልጄ ባታስረዳኝ ኖሮ ከእንግሊዝኛቸው አንዲት ቃል አይገባኝም ነበር። መቆጣት መብቴ ነው፣ አንድ ሰዓት ተቀምጬ ልይና ካልወደድኩት ይዣት ልሂድ፣ ነበር ያሉት። በእልህ ተቀመጥኩ። ከሁሉ ያናደደኝ አስተሳሰራቸው ከኔ የሚሻል መሆኑ ነው።

በዚህ ሁኔታ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠባቂ ሆኜ መመላለስ ጀመርኩ። ጋሼ እላቸው ጀመር፤ ልጄ ትርጉሙን ስትነግራቸው ደስ አላቸው። ታሪካቸውን የሰማሁት ቀስ በቀስ ነው። የተወለዱት መርከብ በሚሠራበት የስኮትላንድ ከተማ ነው፤ አባታቸው በያጅ ነበሩ። በዘጠኝ ዓመታቸው ጓንት አጠለቁ፣ በሃያ ዓመታቸው የስኮትላንድ ሻምፒዮን ሆኑ፣ ቀጥሎም በቀላል ሚዛን የመላ ብሪታንያን ቀበቶ ወሰዱ። ሦስት ዓመት ማንም አልነጠቃቸውም። ቀበቶው የሄደው በአንድ ሰው ጥድፊያ ነው። የዚያን ቀን እጃቸውን ያሰረላቸው ሰው ቸኩሎ ነበርና ፋሻው ላላ፤ በአራተኛው ዙር ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። እስከ መጨረሻው ዙር በአንድ እጅ ተፋልመው በነጥብ ተሸነፉ። እጃቸው ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አልሆነም። ስኮትላንድን ልትጎበኝ የመጣች የሚኒሶታ ሴት አግብተው ወደዚህ መጡ፤ ቀን ቀን ጣሪያ እየሠሩ ከሥራ በኋላ ልጆች ማሠልጠን ያዙ። እንዲህ እንዳሉ ሠላሳ ዓመት አለፈ። አንድ የማይሻር ሕግ አላቸው፤ የተማሪዎቻቸውን እጅ ከሳቸው በቀር ማንም አያስርም።

ይህን ስሰማ ኮራሁባቸው። የገዛ አጎቴ ይመስል ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። ያቺ የቡጢ ጠላት የት ሄደች እያሉ ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ባለፈው የበረዶ ወራት ግን የቀኝ አውራ ጣታቸው ዶቃ እንደሚያንከባልል ሰው ጣት በራሱ ጊዜ ይንቀሳቀስ ጀመር። ሻያቸውን በሁለት እጅ መያዝ አመጡ። በሥራዬ ስንት ጊዜ ያየሁት የነርቭ በሽታ ነው። ልጆቹንም አንድ በአንድ ቢሮ እያስገቡ፣ በር ዘግተው ያስሩ ጀመር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። አንድ ቀን ልጄ አንጓዋ አብጦ ከልምምድ ወጣች። ፋሻውን ፈታሁት፤ አጥንቱ ላይ መደረብ የነበረበት ወደ መዳፏ ሸሽቷል። ለስቴቱ የፍጻሜ ውድድር የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር።

ዝም ብል የልጄ እጅ ይሰበራል፤ ብናገር ያ ኩሩ ሰው ይሰበራል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ጋሼ፣ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነው። የልጄን እጅ በዚህ እጅ አያስሩም።»

ውጪልኝ አሉኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ምን እንደሚችል ከሆስፒታል የመጣች ሴት አትነግራቸውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ሜፕልዉድ፣ ቤታችን በር ደረስን። ከመኪናው ስትወርድ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ ጋሼ ራሳቸው ያውቃሉ እኮ አለችኝ፤ ያቃታቸው መናገሩ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሷው ጎትታ ወሰደችኝ። ጋሼ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው አዲስ ጥቅል ፋሻ ይዘዋል። ፋሻውን ሰጡኝ። ቀኝ እጃቸውን፣ ያንኑ አንድ ጊዜ የተሰበረውን፣ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና «እሰሪኝ» አሉኝ።

አሰርኩ። አይተው ፈቱት። ደግሜ አሰርኩ፤ ፈቱት። ሰባት ጊዜ። ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው አልኳቸው።

«አንቺ ሆስፒታል የምታስሪው የተጎዳ፣ የሚያርፍ እጅ ነው» አሉ። «ይሄ ገና ወደ ሥራ የሚሄድ እጅ ነው።»

ልጄ ጥግ ላይ ቆማ ትስቃለች፤ ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይባልባት ፈርታ እንጂ ልታርመኝ ቃጥቷት ነበር። እኔም በተራዬ ዋጋ ጠየቅሁ፤ ሐኪም ካላዩ ፋሻውን አልነካም አልኩ። እኔው ነድቼ ወሰድኳቸው። የፈራሁት በሽታ ነበር፤ መድኃኒት ተጀመረላቸው። እስከ ውድድሩ ድረስ ከሥራ መልስ እየሄድኩ ያን እጅ አሰርኩ። ጠምሞ የገጠመው አጥንት የት ጋ እንዳለ ጣቴ ሸምድዶታል።

ውድድሩ ሚኒያፖሊስ ነበር። ጓንት ከመጠለቁ በፊት አንድ ዳኛ የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ፋሻ በጣቱ እየተጫነ ይመረምራል፤ ደህና ከሆነ በብዕር ምልክት ያደርግበታል። ከኋላችን አሠልጣኞች ተሰልፈዋል፤ ግማሾቹ በጋሼ እጅ ያደጉ ናቸው። ዳኛው የልጄን እጅ አገላብጦ አየና፣ እንደ ወትሮው ያማረ የእርስዎ ሥራ ነው ብሏቸው ብዕሩን አነሳ። ጋሼ ዝም ቢሉ ነገሩ ያልፍ ነበር። እኔም ዝም እንዲሉ ፈልጌ ነበር፤ ከኔ ፋሻ የሳቸው ክብር ይበልጥብኛል።

«የኔ አይደለም» አሉ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። «የኔ እጅ ከእንግዲህ አይታመንም። ያሰረቻት እናቷ ናት። እናቷን ያስተማርኩ እኔ ነኝ።»

ዳኛው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየና ምልክቱን አደረገ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ በራሴም በሳቸውም።

ልጄ በነጥብ አሸነፈች። ስለ ፍልሚያው አትጠይቁኝ፤ ግማሹን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያሳለፍኩት። ከሪንጉ ስትወርድ ሜዳሊያዋን እንኳ እስክትቀበል ሳልጠብቅ አስቀምጬ ፋሻዋን በመቀስ ቀደድኩት። ጋሼ ይዘውት የመጡት ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው በሚንቀጠቀጠው ጣታቸው አራቱን አንጓዎቿን አንድ በአንድ ነኩ። ከዚያ ደግመው ነኩ። «ደህና ነው» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

ቀጥሎ ተራዋ የደረሰ ሌላ ተማሪያቸው እጇን ዘርግታ መጣች። ጋሼ የተቀመጡበትን ዱካ ለቀው ተነሱና በእግራቸው ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩበት።