ትርሲት ከባሏ ጋር የዞረችው አገር

ትርሲት ሞተች ተባልኩ። የነገረችኝን ልጅ "የትኛዋ ትርሲት?" አልኳት። እኛ ብሎክ ላይ ያለችው አንድ ትርሲት ብቻ እንደሆነች እያወቅኩ።

ሰኞ እኮ ደረጃው ላይ ተገናኝተን ነበር። እሷ ድንች ይዛ ትወጣለች፣ እኔ ቆሻሻ ይዤ እወርዳለሁ። "ትንሽ አሞኛል፣ ጨጓራዬ ሳይሆን አይቀርም" አለችኝ። በየአገሩ የበላሽው በርበሬ ነው ብዬ ሳቅኩባት። ዛሬ ጠዋት ልብ ነው አሉን። እስካሁን ጭንቅላቴ አልተቀበለውም።

ለማታውቋት፣ ትርሲት ጎፋ ኮንዶሚኒየም ከእኔ አንድ ፎቅ በላይ የምትኖር ጎረቤቴም ጓደኛዬም ናት። ነበረች ማለት አልቻልኩም። ሁለት ልጆች አሏት፣ ባሏ ተስፋዬ ይባላል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ልጆቹን ብስራተ ገብርኤል እናቷ ጋ ይተዉና በአሮጌዋ ቪትዛቸው ወደ ደቡብ ይነዳሉ። ሰርግ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ስለት የለ። ለመብላትና ለማየት ብቻ።

እኛ ሰፈር ይሄ አይታወቅም። ባልና ሚስት አብረው ክፍለ ሀገር ከወጡ ወይ ዘመድ ሞቷል ወይ ንግሥ አለ። እኔና ባለቤቴ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ከከተማ የወጣነው ለአማቴ ተዝካር ነው። ያውም ሦስቱ ልጆች ኋላ ወንበር ላይ እየተደባደቡ።

"ልጅ ጥሎ ሽርሽር ምን የሚሉት ነው?" ለሚላት ሁሉ ትርሲት መልሷ አንድ ነበር። "ልጆቹማ አያት አላቸው። እሱ ያለው እኔን ነው።"

እኔ እቀናባት ነበር። ደብቄያትም አላውቅም። አርባ ምንጭ አንድ ሙሉ አሳ ፊቷ ተጋድሞ ፎቶ ስትልክልኝ እኔ የቤት ሥራ እያሠራሁ ነው። ዶርዜ ላይ ቆጮውን በማር ስታጣቅስ እኔ ውሃ መጣ ብዬ ጀሪካን እሞላለሁ። አንዴ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ ሆና ጉማሬ ስታሳየኝ "አሁንስ ቀናሁ" ብዬ ጻፍኩላት። "ቅኚ። ከቤት የሚያስወጣሽ እሱ ነው" አለችኝ።

አንድ ቀን ብቻ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የወላይታን ጥሬ ሥጋ እንበላለን ብለው በዓለም ገና፣ በቡታጅራ አድርገው ሶዶ ድረስ ነዱ። እዚያው አድረው በማግሥቱ ሥጋ ቤት ገቡ፣ ሻኛ መርጠው አስቆረጡ። ቢላዋው ሲቀርብ ተስፋዬ "ቆይ፣ ዛሬ ቀኑ ማነው?" አለ። ዓርብ ነበር። መንገድ ላይ ሲስቁ ቀኑ ጠፍቶባቸዋል፣ ሁለቱም ደግሞ ጾም አይገድፉም። ሥጋውን አጠገባቸው ለተቀመጡ ሰዎች ሰጡና ከጎን ካለው ቤት ሽሮ አስመጥተው በሉ። ወላይታ ሄዶ፣ ሥጋ ቤት ተቀምጦ፣ ሽሮ።

ደውላ ስትነግረኝ ሳቋ አላስወራት አለ። እኔም እሰይ አልኩ። ስልኩን ስዘጋው ግን በሽሮውም ቀናሁ። እኔና ባሌ እንዲህ አብረን የምንስቅበት አንድ ስህተት እንኳ የለንም።

ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት "ምስኪን፣ ልጆቿን ሳትጠግብ፣ ስትዞር ከርማ" ሲሉ ሰማሁ። ዝም ማለት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። "ባሏን ጠግባ ነው የሄደችው፣ እትዬ" አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ተስፋዬ ሰው መጥቶ እግዜር ያጥናህ ባለው ቁጥር ቀና ይልና ያወራል። የሶዶውን ሽሮ ያወራል። ጀልባው ሲወዛወዝ ጨምድዳ የያዘችውን ክንዱን ያሳያል። እንባው እየወረደ ይስቃል፣ ለቀስተኛውም አብሮት ይስቃል። ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይሰማል። እሱን እያየሁ፣ እኔ ብሞት ይሄ ሰውዬ ምን ያወራል ብዬ አሰብኩ። ጥሩ ሚስት ነበረች ይላል። ልጆቿን በሥርዓት አሳደገች ይላል። ከዚያ ዝም ይላል፣ ሌላ የሚያወራው የለውም።

ሰው በሞተ ሰው ይቀናል? እኔ ዛሬ ቀናሁ።

ትርስዬ፣ "ሦስቱንም እኔ እይዝልሻለሁ፣ ባልሽን ይዘሽ ውጪ" እያልሽ ስትጎተጉቺኝ ኖረሻል። እኔ ዘንድሮ አይመችም እልሽ ነበር። ዛሬ ከድንኳኑ ተነስተን ደረጃውን ስንወጣ ባለቤቴ፣ ያ ዝምተኛ ሰውዬ፣ ቆም አለና "አርባ ምንጭ ብንሄድ ልጆቹን ማን ይይዝልናል?" አለኝ። ከአንቺ በቀር እኔ እይዛቸዋለሁ ያለን ሰው የለም።

ደህና ሁኚ እህቴ። ስቀናብሽ ኖርኩ፣ እየቀናሁብሽ ሸኘሁሽ።