የተፈታው ስፌት

ሰውዬውን በስሙ የሚያውቀው የለም። ነዳጅ በኩፖን ከሆነ ወዲህ ግን ጉለሌ ውስጥ የቆመች መኪና ሁሉ ተገፍታ የምትመጣው እሱ ዘንድ ነው። ለልብስ ሰፊው ለአምኃ ትንሽ ፊያት ሴይቼንቶ፣ ከወዳደቀ የጭነት መኪና ላይ የፈታውን ቱርቦ ገጥሞላታል። አሁን የምትጠጣው የስኳር ፋብሪካ አልኮል ነው።

ከሞተሯ ካንዴላዋን ነቅሎ ወደ ፀሐይ ያዘው፤ ጫፉ ነጥቷል።

«ነዳጅ አልጠገበችም» አለ። «አልኮል ሲሆን ከቤንዚን የበለጠ ትፈልጋለች።»

የካርቡራተሩን የነዳጅ ቀዳዳ በቀጭን መብሻ ሰፋ አድርጎ ገጠመው። ሞተሩን አስነስቶ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«በቃ። እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ ይወጡታል።»

«ይህን ሁሉ የት ተማሩት?» አለ አምኃ።

አውሮፕላን በላያቸው አለፈ። ሰፈሩ ሁሉ ቀና ሲል ሰውዬው አንገቱን አላቃናም። «ግራ ሞተሯ ደክሟል» አለ ለራሱ።

አምኃ የሰውዬውን ሰማያዊ ጃኬት አየ። ደረቱ ላይ የተዘረጋ ክንፍ የሚመስል ያልደበዘዘ ቦታ አለ፤ ዙሪያው የመርፌ ቀዳዳ ነው። የአየር ኃይል ምልክት ስፌት በችኮላ እንደተፈታ ገባው።

«ጃኬቱን ነገ ይዘውልኝ ይምጡ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ጋ ኪስ ያስፈልገዋል።»